ለሁለት ሰው ያከራየሁት ቤት ስምንት ሰው ሲያድርበት

መጀመሪያ የነገረኝ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ይዞ የመጣው ሰውዬ ነው። የኛ ጉድጓድ በሦስት ዓመት አንዴ ነበር የሚመጠጠው፣ ያለፈው ከተመጠጠ ዓመት ከመንፈቅ እንኳን ሳይሞላው ሰኔ 2017 ላይ ጢም ብሎ ሞላና ሽታው ዋናው ቤት ድረስ ገባ። ሰውየው ቱቦውን እየጠቀለለ "ግቢው ውስጥ ስንት ናችሁ እህቴ?" አለኝ፣ "አምስት" አልኩት በሙሉ ልብ። ሳቀ። "አምስት ሰው ይሄን አይሞላውም፣ ወይ ሆቴል ከፍታችኋል ወይ ያላየሻቸው ሰዎች አሉ" ብሎኝ ብሩን ተቀብሎ ሄደ።

ያላየኋቸው ሰዎች ነበሩ።

ግቢያችን ቀበና ነው፣ ከአራት ኪሎ በእግር የሚመጣ። የእናቴ ቤት ነው፣ ዋናው ቤት ውስጥ እናቴ እኔና ልጄ እንኖራለን፣ ከኋላ ደሞ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለች፣ እሷን ነው የምናከራየው። የእማዬ መድኃኒት የሚገዛው ከዛች ሰርቪስ ኪራይ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ለኛ ቀላል አይደለም። መስከረም 2017 ላይ ደላላ ባልና ሚስት ይዞልን መጣ፣ ልጆች ናቸው፣ ጨዋ ናቸው፣ ባልየው "እትዬ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፣ ድምፃችንንም አትሰሙም" አለኝ። እውነቱን ነው ድምፅ የሚባል የለም። በወር 8,000 ብር ውሃና መብራት ጨምሮ ተስማማን። "ውሃና መብራት ጨምሮ" የምትለዋን ያዙልኝ ኋላ እመለስባታለሁ፣ ራሴን ያቃጠልኩት በሷ ነው።

ውሉን ወረዳ ሄደን አስመዘገብን። አዋጅ 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ በቃል መሆኑ ቀርቷል፣ በጽሑፍ ሆኖ በሠላሳ ቀን ውስጥ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት፣ ውሉ ደሞ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር በላይ መቀበል አይቻልም። ይሄን ሁሉ አውቄ በሥርዓቱ ነው የሠራሁት፣ መታወቂያ ፎቶኮፒ፣ የቤት ካርታ፣ ምስክር፣ ሁሉም አለ። ሁለት ገጽ ውል ውስጥ ግን "በቤቱ የሚኖሩት እነማን ናቸው" የሚል አንድ መስመር የለም። ባልየው ፈረመ፣ ሚስትየው ስሟም የለም። እኔ ስለ ቀለሙ ስለ በሩ ቁልፍ ስለ መስታወቱ ጽፌያለሁ፣ ስለ ሰው አልጻፍኩም።

ሰዎቹ እንዴት እንደገቡ ልንገራችሁ ምክንያቱም ማንም በአንድ ቀን ስምንት ሆኖ አይመጣም። መጀመሪያ ኅዳር ላይ የሚስትየው ወንድም መጣ፣ ፒያሳ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ቤት በ2016 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጓደኛ ቤት ለጓደኛ ቤት ሲዞር ከርሞ ነው እህቱ ጋ የመጣው። "ለሁለት ሳምንት ነው እትዬ" አለችኝ፣ እሺ አልኩ፣ እኔም እህት ነኝ ወንድምሽን አታስገቢ ልላት ነው እንዴ። ከዛ ጥር ላይ የባልየው ታናሽ እህት ለማትሪክ ልታጠና ከገጠር መጣች። እሷንም አየኋት፣ ሁለቱንም ግን እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ነዋሪ አልቆጠርኳቸውም። ከዛ በኋላ ያሉትን ግን አላየሁም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት ነው የምገባው፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ሥራ ነኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርትና ቪዛ የሚጠብቁ ሁለት የአገራቸው ልጆች የካቲት ላይ ገብተዋል፣ ሚያዝያ ላይ ደሞ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አንዱ የቀን ፈረቃ አንዱ የሌሊት ፈረቃ፣ አንድ ፍራሽ በተራ ይተኙበታል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይገባል፣ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። ሲነግሩኝ መናደድ እያለብኝ ብልሃቱ ገርሞኝ ነበር።

ምልክቱ ግን ድሮም ነበር፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ። ውሃ እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ አለን፣ ድሮ ከአንዱ ሌሊት እስከሚቀጥለው ያደርሰን ነበር። መጋቢት ላይ በሁለተኛው ቀን ባዶ ሆነ፣ ሮቶው ተሰንጥቋል ብዬ ቧንቧ ሠራተኛ አምጥቼ ከፈልኩ፣ ሰውየው ዞሮ ዞሮ ምንም የለውም አለ። ብሬከሩ ደሞ ማታ ማታ መውረድ ጀመረ። የመብራት ሠራተኛ አመጣሁ፣ ለሱም ከፈልኩ፣ እሱ ነው ነገሩን ያስረዳኝ፦ ሰርቪሷ በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው የምትሄደው፣ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲካፈል እሱ ብቻውን 16 አምፔር ሆነ ማለት ነው፣ ላዩ ላይ አንድ ምድጃ ከሰካህ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ ብሬከሩ ካረጀ ገመዱ ይግላል። ለሁለት ሰው በሳምንት አንዴ የሚጋገር ምጣድ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲጋገርበት ገመዱ የተሸፈነበት ፕላስቲክ ጠቁሮ ነበር። ያን ቀን ሂሳቡ ሳይሆን እሳቱ ነው ያስፈራኝ፣ ጣራው ቆርቆሮ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው።

ሂሳቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። መብራት እኮ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ የመጀመሪያዋ 50 ኪሎዋት ሰዓት ናት ርካሿ፣ ከዛ በየደረጃው የአንዱ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ግቢው ባለ አንድ ቆጣሪ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው ሲበዛ እናንተም የምትጠቀሙት በውድ ይቆጠርባችኋል። ውሃውም እንደዛው ነው። እኔ ደሞ "ጨምሮ" ብዬ ፈርሜያለሁ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፣ ሁለት ናቸው።

አንደኛው መሰለል ነው። የመምጠጫው ሰውዬ ከነገረኝ በኋላ ፊት ለፊት መጠየቅ ሲገባኝ በር ላይ ያለ ጫማ መቁጠር ጀመርኩ፣ የተሰጣ ልብስ መቁጠር፣ የአሥር ዓመት ልጄን "ዛሬ ማን ገባ ማን ወጣ" ብዬ መጠየቅ። ልጁ ደብተር ይዞ መመዝገብ ጀመረ እኮ፣ "አንድ ረጅም፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች" እያለ። ያን ደብተር ሳየው አፈርኩ፣ ልጄን ምን እያስተማርኩት ነው አልኩ። አፈርኩ እንጂ አልተውኩም።

ሁለተኛው የባሰው ነው። አንድ አርብ ማታ ገብቼ ሮቶው ባዶ፣ ለእማዬ ፊት መታጠቢያ እንኳን የለም፣ በንዴት ወደ ሰርቪስ የሚሄደውን የቧንቧ ቁልፍ ዘጋሁት። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ለኛ ብቻ ሞላ። ለምን ውሃ እንደጠፋ አልነገርኳቸውም፣ ራሳቸው ይገባቸዋል ብዬ። ለካ ሚስትየው የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛ ስትገባ እናቴ አየቻት። እማዬ ምንም አላለችኝም፣ ተነስታ ከዘራዋን ይዛ ሄዳ ቁልፉን ራሷ ከፈተችው። ከዛ ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ባልየው ሰኞ ወረዳ ሄደ። ተጠራሁ። እኔ በውስጤ ለሁለት ሰው አከራይቼ ስምንት ሆነው ሊከሱኝ ነው እያልኩ እየተንጨረጨርኩ ሄድኩ፣ እዛ የተቀመጠው ልጅ ውሉን አውጥቶ እያነበበ "ሁለት ሰው የሚለው የቱ ጋ ነው?" አለኝ። የለም። "ውሃና መብራት ጨምሮ የሚለው ይሄው፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽው?" አዎ። "ታዲያ ውሉን ያፈረሰው ማነው?" ዝም አልኩ። ታዲያ ይውጡልኝ ስለው የሁለት ዓመት ውል እንዳለንና በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጪ ማስወጣት እንደማልችል ነገረኝ። ኪራይ ልጨምር አልኩ፣ እሱም አይሆንም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው እሱም በሚፈቀደው መጠን፣ ሰው በዛ ተብሎ መሃል ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ሲያሰናብተኝ "በስምምነት ጨርሱና ተጨማሪ ውል ይዛችሁ ኑ" አለ። ያኔ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ሳስበው ልጁ ልክ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ እማዬን "ስምንት እንደሆኑ ታውቂ ነበር ወይ?" አልኳት። ሦስተኛ ቀኗ ነበር ዝምታው ላይ፣ ተናገረች። "ቡና አብረውኝ ይጠጡ የለ እንዴ።" የሁሉንም ስም ታውቃለች። የየትኛዋ ልጅ ፓስፖርት እንደዘገየ፣ የሌሊት ጥበቃው ጨጓራ እንዳለበት፣ ማትሪክ ተፈታኟ ሒሳብ እንደሚከብዳት ሁሉ ታውቃለች። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት "አልጠየቅሽኝማ፣ ጫማ ስትቆጥሪ ነበር" አለችኝ። በቃ ምን እላለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈላ፣ የእድራችን ዳኛ የሆኑ አባት ጎረቤታችን ናቸው እሳቸውን ጠራን፣ ባልና ሚስቱ መጡ። ያላሰብኩት ነገር እኔ ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስለ ውሃው። እሳቸው ናቸው "በይ መጀመሪያ ያንቺን ተናገሪ" ያሉኝ። ከዛ በኋላ ባልየው ራሱ ፈታ ብሎ ሁሉንም ዘረዘረ። ደሞዙ ከኪራዩ ብዙም አይበልጥም፣ ጥበቃዎቹ እያንዳንዳቸው በወር 1,500 ይሰጡታል፣ ሴቶቹ ልጆች አይከፍሉም የእናቱ ጎረቤት ልጆች ናቸው፣ "ገጠር ያለች እናቴ ተቀበላቸው ስትለኝ እንቢ ልበላት እትዬ?" አለኝ።

እዚህ ጋ ነው ለኔ ነገሩ የተለያየልኝና ለሌሎችም ይጠቅማል የምለው። ስምንቱ ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ወንድምና እህት ቤተሰብ ናቸው፣ እነሱን አስወጣ ማለት ቤተሰቡን አስወጣ ማለት ነው። ሴቶቹ እንግዳ ናቸው፣ ግን ቀን የሌለው እንግዳ። ጥበቃዎቹ ደባል ናቸው፣ ለሱ ከፍለው የሚያድሩ ናቸው፣ እኔ ቤቴን ለሱ አከራይቼ እሱ ደሞ ፍራሽ ያከራያል ማለት ነው። ለሦስቱም አንድ ቃል ይዤ "ሰው አበዛችሁ" እያልኩ ብቀጥል ኖሮ እስከ ዛሬ እንጨቃጨቅ ነበር።

ሌላው ማወቅ ያለብኝ ነገር ሌሊት ግቢዬ ውስጥ ማን እንደሚያድር ነው፣ ይሄ የክፋት ጉዳይ አይደለም። በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት አከራዮች የተከራዮቻችሁን ማንነት አሳውቁ ሲባል የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ቢሆን ኖሮ እኔ አራት ሰው ስሙን እንኳን መናገር አልችልም ነበር። ደሞ እግዚአብሔር አያድርገውና እሳት ቢነሳ 939 ደውዬ ውስጥ ስንት ሰው አለ ሲሉኝ ሁለት ልላቸው ነበር እኮ።

የተስማማነው ይሄ ነው፦ ጥበቃዎቹ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ሴቶቹ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይቆያሉ የፋይዳ ኮፒያቸው እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ወንድምና እህት በስም ይጻፋሉ። ለመብራት የውስጥ ቆጣሪ አስገባለሁ፣ መግዣውና ማስገቢያው በኔ፣ የሚቆጥረውን ራሳቸው ይከፍላሉ፣ በዛ ፋንታ ከኪራዩ 500 ብር ተቀነሰላቸው። ኪራይ በመቀነሴ የሳቁብኝ አሉ፣ እኔ ግን የወሩን ሂሳብ አስልቼ ነው የተስማማሁት፣ ይሻለኛል። ምጣዱ ሰርቪስ ውስጥ መጋገሩ ቀርቶ እኛ ማዕድ ቤት፣ ወፍራም ገመድ ባለው መስመር፣ ሐሙስ ሐሙስ ይጋገራል። ከሰል ደሞ እያጨሰም ሆነ ፍም ሆኖ ማታ ወደ ውስጥ አይገባም። ይሄኛውን እኔ ነኝ ድርቅ ብዬ ያስገባሁት፣ ክረምት ነው፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ተኝቶ መስኮት ተዘግቶ ከሰል ማለት በሰላም ተኝቶ አለመነሳት ነው፣ ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ይገላል፣ ሽታ የለውም።

ተጨማሪ ውሉን አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩት፣ እሱና እሷ ሁለቱም ፈረሙ፣ ሦስት ምስክር፣ ወረዳ ወስደን ከዋናው ውል ጋ ተያያዘ። ዋናዋን አንቀጽ እንዳለች ላስቀምጥላችሁ፣ ለናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ ቀይሯት፦ "በቤቱ የሚኖሩት ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሰዎች ናቸው። ከሰባት ሌሊት በላይ የሚያድር እንግዳ ሲመጣ ተከራይ አስቀድሞ ለአከራይ ስሙንና የሚቆይበትን ጊዜ ያሳውቃል። ተከራይ ከአከራይ የጽሑፍ ስምምነት ውጪ ማንንም ሰው በክፍያ አያሳድርም።" ሰባት ያልኩት ለለቅሶም ለሠርግም ለሕክምናም የሚመጣ ዘመድ ሳምንት ይበቃዋል ብለን ነው፣ የእድሩ ዳኛ ናቸው ሦስት ቀን ያልኩትን ያስቀየሩኝ፣ "ከጎንደር ለሦስት ቀን የሚመጣ ሰው ማነው?" ብለው።

ሁሉም እንደተጻፈው ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። የቀን ጥበቃው በሳምንቱ ወጣ፣ የሌሊቱ ግን ሠላሳው ቀን አልፎ አሥራ አንድ ቀን ቆየ፣ በየቀኑ "ነገ" እያለኝ። አንደኛዋ ልጅ ነሐሴ ሳያልቅ በረረች፣ ሁለተኛዋ ቪዛዋ ተበላሽቶ እስከ ጥቅምት ቆየች፣ እሷን ጊዜዋ ሲያልቅ እማዬ ዋናው ቤት ሶፋ ላይ አስተኛቻት። ምን ላድርግ ውሉ የሚለው ስለ ሰርቪሷ ነው። ሮቶው ግን አሁን ከሌሊት እስከ ሌሊት ያደርሰናል፣ ብሬከሩም አይወርድም፣ የመብራት ሂሳብ ላይ ከዛ ወዲህ አንድ ቀን ተጨቃጭቀን አናውቅም፣ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን አብረን ሄደን ቆጣሪውን እናነባለን፣ እሱ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል፣ እኔም አነሳዋለሁ።

ከአሁን በኋላ ሰርቪሷን ለሌላ ሰው ባከራይ ደላላው ፊት ሳይሆን ሰዎቹ ብቻ ሲሆኑ ነው የምጠይቃቸው። "ስንት ናችሁ" አልልም፣ ለሱ ሁሉም ሰው "ሁለት" ነው የሚለው። "ከቤተሰብ አዲስ አበባ የሚመጣ ማን አለ፣ ሲመጣ የት ነው የሚያርፈው?" ነው የምለው። ያኔ ሰው እውነቱን ያወራል፣ እህቴ ለትምህርት ትመጣለች፣ እናቴ ለጠበል ትመጣለች ይላል፣ እኔም ቀድሜ አውቄ ቤቱ ይችላል አይችልም እላለሁ። ቤቱን ሳሳይ ደሞ ሮቶውንና ብሬከሩን አብሬ አሳያለሁ፣ ይሄ ውሃ የስንት ሰው እንደሆነ ራሳቸው ይገምቱት።

መስከረም 2018 መጨረሻ ላይ ባልየው ማታ በር አንኳኳ፣ ጫማውን እየተመለከተ "እትዬ የሷ እናት ልታርሳት ትመጣለች፣ ከሰባት ሌሊት ስለሚበልጥ ላሳውቅ ብዬ ነው" አለኝ። ሳቄ መጣ ግን ያዝኩት፣ እሱ የምሩን ነው። "እስከ መቼ ትቆያለች?" አልኩት። "እስከ ክርስትናው" አለ። ደብተሬን አውጥቼ የአማቱን ስም ጻፍኩ፣ የሚቆይበት ጊዜ የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ማን ያውቃል፣ "አርባ ወይም ሰማንያ ቀን" ብዬ ጻፍኩና ፈረመ።

ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ሰማንያ ሆነ።